ጡረታ ወጥተው ከአሜሪካ ወደ ለገጣፎ ሊመለሱ ነው? የጤና መድንዎን በዚህ ቅደም ተከተል ይያዙ

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ሰፈራችን ከውጭ ተመልሰው የገቡ ጡረተኞች የሚበዙበት ነው። ሊመለሱ የሚያስቡትም ይደውላሉ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ሜዲኬሬ እዚያ ይሠራል ወይ? ካልሠራስ ምን ልያዝ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን ያዘጋጀሁት።

አጭሩ መልስ፦ አይሠራም። ሜዲኬር፣ ማለትም በአሜሪካ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ከአሜሪካና ከግዛቶቿ ውጭ ለተደረገ ሕክምና በመደበኛነት አይከፍልም። ያሉት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችም ኢትዮጵያን አይመለከቱም። ስለዚህ ሌላ መድን ያስፈልግዎታል። ከምንም በላይ ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። አዲሱ መድን በጽሑፍ ሳይጸድቅ አሮጌውን አይሰርዙ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

መመሪያው በዋናነት ከአሜሪካ ለሚመጡ ነው። ከሌላ አገር ለሚመጡት ከ3ኛው ደረጃ ጀምሮ ያለው በአብዛኛው ይሠራል። ሥራውን ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

- ፓስፖርትና፣ ካለዎት፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ)
- የሜዲኬር ካርድና የያዙት ተጨማሪ መድን ካርድ
- የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ሥርዓት) የጥቅም ደብዳቤ
- ከሐኪምዎ ያለፉት ዓመታት የሕክምና ማጠቃለያ፦ ምርመራዎች፣ ቀዶ ሕክምናዎች፣ አለርጂዎች
- የመድኃኒት ዝርዝር፣ በንግድ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም የተጻፈ
- ሳይዘጋ የሚቆይ የአሜሪካ ባንክ ሒሳብ
- ለድንገተኛ የሚሆን በብር የተቀመጠ ገንዘብ
- አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ ያለ፣ ስልክ ቶሎ የሚያነሳ የቤተሰብ ሰው

ደረጃ 1፦ አሁን የያዙትን መድን በስሙ ይለዩ

«ኢንሹራንስ አለኝ» ማለት አይበቃም። እያንዳንዱ አገር ሲለቁ የሚሆነው ይለያያል።

ሜዲኬር በክፍሎች የተከፈለ ነው። ፓርት ኤ ለሆስፒታል ነው። ለሐኪምና ለተመላላሽ ሕክምና የሆነውን ፓርት ቢን በደረጃ 2 እናየዋለን። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ 10 ዓመት ያህል ግብር እየከፈሉ ከሠሩ ወርኃዊ ክፍያ የለውም። አይንኩት። ውጭ አገር ስለኖሩ አይጠፋም፤ ለሕክምና ሲመለሱም ይጠብቅዎታል።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ (ሜዲኬርን በግል ድርጅት በኩል የሚሰጠው ፕላን) እና የመድኃኒቱ ፓርት ዲ በሚኖሩበት አካባቢ የተወሰኑ ናቸው። መኖሪያዎን ወደ ኢትዮጵያ ሲያዛውሩ መብቱ ያበቃል። ወደ አሜሪካ ለመኖር ከተመለሱ እንደገና ለመመዝገብ 2 ወር ይሰጥዎታል።

ሜዲጋፕ (ሜዲኬር የማይከፍለውን የሚሞላ የግል ተጨማሪ መድን) ካለዎት ፊደሉን ይዩ። ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤም እና ኤን የሚባሉት ለውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና ጥቂት ይከፍላሉ፦ የመጀመሪያውን 250 ዶላር እርስዎ ከከፈሉ በኋላ 80 በመቶውን፣ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ብቻ፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። ቤት ለማየት ለሚመጡበት ጉዞ ጥሩ ነው። ለኑሮ አይሆንም።

ሜዲኬድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው መድን፣ በስቴቱ ነዋሪነት ላይ የቆመ ስለሆነ ስቴቱን ሲለቁ ያበቃል። የሜዲኬር ክፍያዎን ስቴቱ የሚሸፍንልዎት ከሆነም እሱ ይቆማል።

ለፌዴራል መንግሥት ወይም ለፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ከሆነ ቆም ይበሉ። የእነዚህ ሠራተኞች የጡረታ ጤና መድን ውጭ አገር የሚሠሩ ፕላኖች አሉት። አንዴ ከሰረዙት መልሶ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። የያዙት ፕላን በአንድ አካባቢ የተወሰነ ከሆነ ውጭ አገር ወደሚሠራው እንዲያዛውሩልዎት ይጠይቁ። የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ላያስፈልግዎት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚተዳደሩት በኤስ ኤስ አይ ከሆነ፣ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀናት ሲቆዩ ክፍያው ይቆማል። ኤስ ኤስ አይ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ ሠርተው ካገኙት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የተለየ ነው። ብዙ ወላጆች ሁለቱን አንድ አድርገው ያያሉ። በዚያ ገንዘብ የመድን ክፍያ እከፍላለሁ ብለው ካቀዱ ዕቅዱ በሁለተኛው ወር ይፈርሳል። በግሪን ካርድ ብቻ ያሉ ደግሞ የረጅም ጊዜ መቅረት ነዋሪነቱን ራሱን ስለሚያሳጣ መጀመሪያ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ያነጋግሩ።

ደረጃ 2፦ ፓርት ቢን ማቆየት ወይም መተው

በጣም የሚያከራክረው ይሄ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እንሥራው።

እ.ኤ.አ. በ2026 የፓርት ቢ መደበኛ ክፍያ በወር 202.90 ዶላር ነው። በዓመት 2,434.80 ይሆናል። ኢትዮጵያ ሆነው ይህን ሲከፍሉ እዚህ ምንም አያገኙበትም። «ታዲያ ለምን እከፍላለሁ?» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

ከተዉት በኋላ መልሰው ሲገቡ፣ ላልከፈሉበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል። ቅጣቱ ፓርት ቢ እስካለዎት ድረስ አይነሳም። ለምሳሌ 5 ዓመት ቢቆዩ 50 በመቶ ነው፤ በዚሁ ዋጋ በወር 101.45 ዶላር ተጨማሪ ማለት ነው። በሌላ በኩል በ5 ዓመቱ ያተረፉት 12,174 ዶላር ነው። ቅጣቱ ያንን ለመብላት 10 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በገንዘብ ብቻ ከታየ መተው ያን ያህል ኪሳራ አይደለም።

አደጋው ገንዘቡ ላይ ሳይሆን ጊዜው ላይ ነው። ፓርት ቢን የተወ ሰው እንደገና የሚመዘገበው በአብዛኛው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ሽፋኑም ከተመዘገበበት ቀጥሎ ባለው ወር ይጀምራል። በግንቦት ካንሰር ተገኘብኝ ብለው ወደ ልጆችዎ ቢሄዱ፣ የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ሽፋን ሳይኖርዎት እስከ ፌብሩዋሪ ሊጠብቁ ነው። በፓርት ኤ ብቻ ደግሞ ኬሞቴራፒ አይሸፈንም ማለት ይቻላል።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ከባድ ሕመም ቢመጣ ወደ አሜሪካ እመለሳለሁ ካሉ ያቆዩት። እንደ መመለሻ ትኬት ይቁጠሩት። አልመለስም፣ ቢሆንም ባይሆንም እዚሁ ነኝ ካሉ፣ ገንዘቡን ለአዲሱ መድን ያዙሩት። ከልጆችዎ ጋር ተቀምጠው ይወስኑ፤ ያኔ የሚያስታምሙት እነሱ ናቸውና።

መተውን ከመረጡ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው ሲ ኤም ኤስ 1763 የሚባለውን ቅጽ ይሞላሉ። አሁን ግን አይሙሉት። 6ኛው ደረጃ ላይ እንደርስበታለን።

ደረጃ 3፦ ከቤትዎ የሚደርሱበትን ሆስፒታል ይምረጡ

መድን ከመግዛትዎ በፊት የት እንደሚታከሙ ይወቁ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ያደርገዋል፤ በኋላ ካርዱን የማይቀበል ሆስፒታል በር ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ ቤትዎ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ያረጋግጡ። አያት፣ ቱሉ ዲምቱና ጀሞ አዲስ አበባ ናቸው። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ገላን በኦሮሚያ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። መንገዱ አንድ፣ አስፋልቱ አንድ ቢሆንም የሚመዘገቡበት ጽሕፈት ቤትና የሚላኩበት ጤና ጣቢያ ይለያያል።

ቀጥሎ ቅርብ ያለውን የመንግሥት ሆስፒታል ይወቁ። ከለገጣፎና ከአያት አቅጣጫ ኤካ ኮተቤ፣ ከቃሊቲና ከቱሉ ዲምቱ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ከጀሞና ከሰበታ አለርት፣ ከቡራዩ ጳውሎስ አለ። ከዚያ አንድ የግል ሆስፒታል ይጨምሩ፤ በእኛ በኩል ብዙ ሰው ገርጂ ያለውን ኮሪያ ሆስፒታል ያስባል።

በአካል ሄደው እነዚህን ይጠይቁ፦ ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊት ይሠራል? ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ? የእርስዎን ሕመም የሚያየው ስፔሻሊስት በየትኞቹ ቀናት ይገባል? ከየትኞቹ የውጭ መድን ድርጅቶች ጋር በቀጥታ ይሠራሉ? ጉዞውንም ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ይሞክሩት። እሑድ ከሰዓት የሄዱበት መንገድ ምንም አይነግርዎትም።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለብዎት ሐኪምዎን ስለ ከፍታው ያማክሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች።

ደረጃ 4፦ ከሦስቱ መንገዶች ይምረጡ

*ሀ. ዓለም አቀፍ የጤና መድን።* ከአገራቸው ውጭ ለሚኖሩ ሰዎች የሚሸጥ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ሲግና ግሎባል፣ አሊያንዝ ኬርና ቡፓ ግሎባል ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። ከሌሎቹ ሁሉ ሰፊው ይህ ነው፤ ውዱም ይህ ነው። ዋጋውን በሦስት ነገር መቀነስ ይቻላል። አንደኛ፣ «ከአሜሪካ በስተቀር መላው ዓለም» የሚለውን ይምረጡ። ፓርት ቢን ካቆዩ የአሜሪካው ሽፋን ድርብ ነው። ሁለተኛ፣ ዲዳክቲብሉን ማለትም በመጀመሪያ ከኪስዎ የሚወጣውን ከፍ ያድርጉ። የተለመደ የጤና ጣቢያና የክሊኒክ ወጪ እዚህ ከኪስ የሚቻል ነው፤ መድኑ የሚያስፈልገው ለትልቁ ነው። ሦስተኛ፣ ጥርስና መነጽር የሚሉትን ጭማሪዎች ይተዉ።

ዕድሜ ላይ ይጠንቀቁ። ብዙ ድርጅቶች አዲስ ገቢ የሚቀበሉበት የዕድሜ ጣሪያ አላቸው። በ69 የሚያገኙትን በ76 ላያገኙት ይችላሉ። «ቆይ፣ ስታመም እገዛለሁ» እዚህ አይሠራም።

*ለ. የአገር ውስጥ መድን።* የኢትዮጵያ መድን ድርጅትና የግል ድርጅቶቹ የጤና መድን አላቸው። በአብዛኛው ግን የሚሸጠው በቡድን፣ ለመሥሪያ ቤቶች ነው። ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ድርጅት ካላቸው በዚያ መግባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። አረቦኑ በብር ነው፤ ጣሪያውም በብር ነው። ውጭ አገር ለመታከም የሚበቃ መስሎ እንዳይታይዎት።

*ሐ. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን።* በወረዳ የሚመዘገብ፣ በዓመት የሚታደስ የመንግሥት መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። የተመዘገበ ነዋሪ ቤተሰብን ይይዛል። አረቦኑ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም፤ በጣም ዝቅተኛ ነው። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው፦ ከጤና ጣቢያ ይጀምራሉ፣ ሪፈር ተጽፎልዎት ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ከሄዱ ከኪስዎ መክፈል ይመጣል። የግል ሆስፒታል ውስጥ አይሠራም። የምዝገባ ጊዜውና የሚጠየቀው መታወቂያ ስላለ ቤተሰብዎ አስቀድሞ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ በስምዎ ይጠይቅ።

አቅም ካለ ሀ ይቅደም፤ መመዝገብ ከተፈቀደልዎት ሐ ይጨመርበት። ሐ ለብቻው ከአሜሪካ ሕክምና ጋር ለተላመደ፣ ብዙ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይበቃም።

የጉዞ ኢንሹራንስ የጤና መድን አይደለም። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ለአጭር ጉዞና ለድንገተኛ ነገር የተሠራ ነው። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ውስጡ የለም። አንዳንዱ ደግሞ አገር ቀይረው እንደሚኖሩ ሲያውቅ ውሉን ያፈርሰዋል።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን በእውነት ይሙሉ፣ ውሉን ያንብቡ

ያለብዎትን ሕመም ሁሉ ይጻፉ። የተሻለዎትንም፣ ከ10 ዓመት በፊት የገቡትን ቀዶ ሕክምናም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ድርጅቱ ሲያመለክቱ ብዙ አይመረምርም፤ ትልቅ ሒሳብ ሲመጣ ግን የአሜሪካ ሐኪምዎን ፋይል ያስመጣል። የተደበቀ ነገር ካገኘ ከተደበቀው ጋር የማይገናኘውን ሕመም ጭምር ሊያስቀር ይችላል። ዓመታት የከፈሉት አረቦን ውኃ በላው ማለት ነው።

ስምና የልደት ቀን በፓስፖርቱ እንዳለው ይሁን። እዚህ ሆስፒታል ካርድ ሲያወጡም ያንኑ ይናገሩ። ብዙዎቻችን በፓስፖርት የተጻፈልን የልደት ቀን ሌላ ነው፤ እናታችን የነገረችን ሌላ። ሆስፒታሉና መድኑ የተለያየ ቀን ከያዙ ክፍያው ይንጠለጠላል።

ውሉ ሲመጣ ለእነዚህ መልሱን በጽሑፍ ያግኙ፦

1. ቀድሞ የነበረ ሕመም ይሸፈናል? ወዲያው ነው ወይስ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ?
2. ከተቀበሉኝ በኋላ እያረጀሁ ስሄድ ማደስን ሊከለክሉኝ ይችላሉ?
3. ለመረጥኩት ሆስፒታል በቀጥታ ይከፍላሉ ወይስ እኔ ከፍዬ ነው የምጠይቀው?
4. ለሕክምና በአየር ወደ ሌላ አገር መወሰድ ይሸፈናል? ወዴት? ማን ይወስናል?
5. ጦርነትና ሁከትን በሚመለከት ምን ይላል? ጎንደር ወይም ወሎ ዘመድ ጥየቃ ብሄድስ?

አራተኛውን አይለፉት። እዚህ የማይሠራ ሕክምና ሲያጋጥም ወደ ናይሮቢ፣ ዱባይ ወይም ሕንድ መሄድ ይኖራል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «ብቁ ወደሆነው ቅርብ ቦታ» ነው። ምርጫው የእርስዎ ሳይሆን የድርጅቱ ነው። አስከሬን ወደ አሜሪካ መላክ የሚለው ጭማሪ ግን መቀበሪያዬ እዚሁ ነው ላለ ሰው አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ አሁን አሮጌውን ያቋርጡ

አዲሱ ውል በእጅዎ ገብቷል፣ የሚጀምርበት ቀን ተጽፏል፣ የመጀመሪያው ክፍያም ተቆርጧል። አሁን ለአድቫንቴጁ ወይም ለሜዲጋፑ መልቀቅዎን ያሳውቁ፤ ወስነው ከሆነም የፓርት ቢን ቅጽ ይሙሉ። የአዲሱ መጀመሪያ ከአሮጌው ማብቂያ በፊት ይሁን። አንድ ወር ድርብ መክፈል ያለ መድን ከሚያልፍ አንድ ሳምንት ይሻላል።

ሳይነሱ በፊት ምርመራዎን ሁሉ ጨርሰው ይምጡ፦ ዓይን፣ ጥርስ፣ ልብ። መድኃኒትም ሐኪሙ የሚያዝልዎትን ያህል፣ በፋርማሲው ዕቃ እንዳለ፣ ከማዘዣው ጋር ይያዙ። እዚህ ሲደርሱ የትኛው በከነማና በቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች እንደሚገኝ ያጣሩ። የማይገኝ ካለ ከማለቁ በፊት ሐኪም ጋር ቀርበው ተተኪ ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ የድንገተኛ ወረቀት ያዘጋጁ

መድን ቢኖርዎትም የግል ሆስፒታል አልጋ ለመያዝ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። የመድን ድርጅቱ ማረጋገጫ እስኪመጣ ሰዓታት ያልፋሉ፤ እዚህ ጠዋት ሲሆን አሜሪካ ሌሊት ነው። ስለዚህ በብር የተቀመጠ ገንዘብ ይኑር፣ ሊያወጣው የሚችል ሌላ ሰውም ይኑር።

በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛ ይጻፉና በሩ አጠገብ ይለጥፉ፦ የመድኑ ስልክና የውሉ ቁጥር፣ የመረጡት ሆስፒታል፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ አለርጂ፣ የልጆች ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ወደ ቤትዎ የሚያመጣውን ምልክትም ይጨምሩ። በእኛ ሰፈር የቤት ቁጥር ለአምቡላንስ ሹፌር ብዙ አይነግረውም፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም የታክሲ ማዞሪያው ይነግረዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤተሰብ ደንግጦ «አባባን ይዘን ዛሬውኑ እንብረር» ብሎ ራሱ ትኬት ይቆርጣል። የመድን ድርጅቱ ሳይፈቅድ የተደረገ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። መጀመሪያ ይደወል፣ የፈቃዱ ቁጥር ይጻፍ፣ ከዚያ ይኬድ።

ደረጃ 8፦ ከፍለው ሲጠይቁ ወረቀቱ እንዳይመለስ

ከምሰማው ቅሬታ ብዙው እዚህ ላይ ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። ከሆስፒታሉ ሳይወጡ እነዚህን ይያዙ፦ የገንዘብ መመዝገቢያ መሣሪያ ደረሰኝ፣ የእያንዳንዱ አገልግሎት ዝርዝር ዋጋ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ማኅተም ያለው የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ቅጂ። በማግሥቱ ተመልሶ ማኅተም ማስመታት ግማሽ ቀን ይበላል።

ከሁሉ በላይ ቀኑን ይዩ። ሆስፒታሉ 12/3/2018 ብሎ ከጻፈ በእኛ ኅዳር 12 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2025። አሜሪካ ያለው መርማሪ ግን ዲሴምበር 3 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል። ለእሱ ሕክምናው ፖሊሲው ከመገዛቱ ዓመታት በፊት የተደረገ ነው፤ ውድቅ ያደርገዋል። ሐኪሙ ማስረጃው ላይ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ሰዓትም ከተጻፈ እንደዚያው፤ የእኛ 3 ሰዓት የእነሱ 9 ነው።

ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንስተው ለልጅዎ ይላኩ፣ ዋናውን ያስቀምጡ። ገንዘቡ በዶላር ወደ አሜሪካው ሒሳብ ስለሚገባ ያ ሒሳብ እንዳይዘጋ፤ ባንኩ የሚጽፍበት አድራሻም የልጅዎ ይሁን። የክፍያ ጥያቄ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ በውሉ ላይ አለ። ወረቀቱን ለማጠራቀም ብለው አያቆዩት፤ በየሕክምናው ይላኩ።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ለባልና ሚስት አንድ ዓይነት ፕላን መግዛት። አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆኑ ለየብቻ ዋጋ ያስጠይቁ።

ልጆች አረቦኑን በካርዳቸው እንዲከፍሉ አድርጎ ካርዱ ሲያልቅ አለማወቅ። ያልተከፈለ ውል ይቋረጣል፤ እንደገና ሲያመለክቱ ዕድሜዎም ሕመምዎም ጨምሯል። የእድሳቱን ቀን በሁለት ሰው ስልክ ላይ ያስይዙ።

«ዕድር አለኝ» ብሎ መዘናጋት። ዕድር ለሐዘን ይደርሳል፤ የሆስፒታል አልጋ አይከፍልም።

ቤት ሲቀይሩ ወረዳውንና መድኑን አለማሳወቅ። ከአያት ወደ ለገጣፎ መሻገር ብቻ የማኅበረሰብ አቀፍ መድን ምዝገባዎን ከአዲስ አበባ ወደ ሸገር ያዛውረዋል። የድሮው ጤና ጣቢያ የሚጽፈው ሪፈር ከዚያ በኋላ ላያገለግል ይችላል፤ አዲሱ ወረዳ ሳይመዘግብዎት የድሮውን የመድን መታወቂያ አይመልሱ።